ጦርነት ሲቆጠር

ጦርነትን በስታቲስቲክስ ማጥናት ማለት ግጭቶችን አንድ በአንድ መዝግቦ፣ መቼ እንደተነሱ፣ በማን መካከል እንደሆኑና ስንት ሰው እንደፈጁ በቁጥር መመርመር ነው። ፈር ቀዳጁ እንግሊዛዊው ሉዊስ ፍራይ ሪቻርድሰን (1881–1953 እ.ኤ.አ.) ነው። ሙያው የአየር ትንበያ ነበር። የክዌከር እምነት ተከታይ ስለነበር ጠመንጃ አላነሳም። በአንደኛው የዓለም ጦርነት ፈረንሳይ ውስጥ በአምቡላንስ ቁስለኛ ያመላልስ ነበር።

የሪቻርድሰን መለኪያ የሚሄደው በዜሮዎች ብዛት ነው። 1,000 ሰው የሞተበት ግጭት 3 ይባላል። 10,000 ሲሆን 4፣ 10 ሚሊዮን ሲሆን 7። በመካከል የሚወድቀው በነጥብ ይጻፋል። ሁለት ሰዎች ተጣልተው አንዱ ቢገደል እሱም 0 ተብሎ እዚያው ሰንጠረዥ ውስጥ ይገባል። እኔ የምወድለት ይህንን ነው። በጠብ የተገደለም በጦር ሜዳ የወደቀም እኩል ሟች ነው። በዝርዝሩ 7 የደረሱት ሁለቱ የዓለም ጦርነቶች ብቻ ናቸው።

ከ1820 እስከ 1929 እ.ኤ.አ. ያሉትን 110 ዓመታትም ለብቻ ቆጠረ። በመለኪያው ወደ 4 የሚጠጋ፣ ማለትም 10,000 ገደማ ሰው የፈጀ ጦርነት አንድም ያልተጀመረባቸው ዓመታት 65 ሆኑ። አንድ የተጀመረባቸው 35፣ ሁለት የተጀመረባቸው 6፣ ሦስት የተጀመረባቸው 4። ይህ «የፖይሰን ሥርጭት» ከሚሰጠው ግምት ጋር በጣም ይቀራረባል፤ ሥርጭቱ የማይገናኙ ነገሮች በአጋጣሚ ስንት ስንት ጊዜ እንደሚደርሱ የሚያሰላ ቀመር ነው።

ሥርጭቱን ለመረዳት እዚሁ ሐዋሳ የሰፈር እድርን ማሰብ ይበቃል። አንዳንድ ሳምንት የእድሩ ጥሩምባ ሁለት ሦስቴ ይነፋል። ከዚያ ወር ሙሉ ዝም። ሰዉ «ዘንድሮስ ሞት ተከታተለብን» ይላል። ግን የማይገናኙ ነገሮችም በአጋጣሚ እንዲህ ይጠጋጋሉ። ጦርነትም እንደዚያው ነው። እያንዳንዱ ምክንያት አለው፤ ቀጠሮ ግን የለውም። «በየስንት ዓመቱ ይመጣል» የሚለው ወሬ በዚህ ቁጥር ፊት አይቆምም።

ሪቻርድሰን ድንበርንም አየ። ብዙ ጎረቤት ያለው አገር ብዙ ጊዜ ይዋጋል። ቋንቋ መጋራት ግን ሰላም ያመጣል የሚያሰኝ ማስረጃ አላገኘም።

ዛሬ ሥራው በትልልቅ መዝገቦች ቀጥሏል። በአሜሪካው ሚሺጋን ዩኒቨርሲቲ በ1963 እ.ኤ.አ. የተጀመረው መዝገብ ጦርነት ለማለት 1,000 የውጊያ ሟቾችን ይጠይቃል። የስዊድኑ የኡፕሳላ መዝገብ በዓመት 25 ይበቃዋል።

ከባዱ ነገር የሟቹ ቁጥር ራሱ ነው። የትግራዩን ጦርነት ሟቾች የአፍሪካ ኅብረት አደራዳሪ ኦሉሴጉን ኦባሳንጆ 600,000 ገደማ ብለዋል፤ ሌሎች ግምቶች ከዚያ ይርቃሉ። በሪቻርድሰን መለኪያ 300,000 ማለት 5.5፣ 600,000 ማለት 5.8 ነው። መለኪያው ልዩነቱን ያጠበዋል፤ በመካከሉ ያሉት 300,000 ሰዎች ግን የሰው ልጆች ናቸው። የኡፕሳላ መዝጋቢዎች ለዚህ ብለው ለእያንዳንዱ ክስተት ሦስት ቁጥር ይጽፋሉ፦ ዝቅተኛ ግምት፣ ከፍተኛ ግምት፣ በመካከል የተሻለ የመሰላቸው። የእድር መዝገብ አንድ መስመር ላይ የሚጽፈው አንድ ስም ነው።