አፑሪማክ፦ የአንዲስ ወንዝና የሣር ድልድዩ

አፑሪማክ የሚነሳው ከደቡብ ፔሩ ነው። መነሻው አሬኪፓ ክልል ውስጥ፣ 5,597 ሜትር ከፍታ ካለው የሚስሚ ተራራ አካባቢ ነው። ለብዙ ዓመታት የአማዞን የሩቁ ምንጭ ሲባል ኖሯል። «የለም፣ የማንታሮ ወንዝ ምንጭ ይርቃል» የሚሉ ተመራማሪዎችም አሉ።

ወንዙ ተራራውን ሰንጥቆ፣ በጥልቅ ገደል ውስጥ ወደ ሰሜን ምዕራብ ይወርዳል። ማንታሮ ሲቀላቀለው ኤኔ ይባላል፤ ቀጥሎ ታምቦ፣ ከኡሩባምባ ጋር ሲገናኝ ደግሞ ኡካያሊ ይሆናል። ታች ቆላው ላይ ኮካ፣ ማለትም ኮኬይን የሚወጣበት ተክል፣ በብዛት ይመረታል፤ የኮኬይን ንግዱ ነዋሪውን ብዙ ጣጣ ውስጥ ከትቶታል። ከገደሉ አናት ላይ ቾኬኪራው የሚባል፣ ከስፔኖች በፊት አገሩን ይገዙ የነበሩት የኢንካዎች ከተማ ፍርስራሽ አለ። መኪና አይደርስም። አብዛኛው ሰው እስከ ወንዙ ቁልቁል ወርዶ፣ ተሻግሮ፣ እንደገና ዳገቱን በእግሩ ይወጣዋል።

እንዲህ ዓይነቱን ገደል ኢንካዎች የሚሻገሩት በሣር ድልድይ ነበር። ከነዚያ አንዱ፣ ኬስዋቻካ፣ ኩስኮ ክልል ውስጥ ዛሬም አለ። ርዝመቱ 28 ሜትር ገደማ ነው። በየዓመቱ ሰኔ ላይ አራት የኬቹዋ ቋንቋ ተናጋሪ ማኅበረሰቦች ተሰብስበው ከአዲስ ይሠሩታል። እኔን ከወንዙ ሁሉ በላይ የሚያስደንቀኝ ይሄ ነው።

ሣሩ እንደ እኛ ጓሳ ደጋ ላይ የሚበቅል፣ ጠንካራ ሣር ነው። ታጭዶ፣ ውሃ ውስጥ ተነክሮ፣ በድንጋይ ይቀጠቀጣል። ሴቶቹ በመዳፋቸው እያሹ ቀጭን ገመድ ይገምዱታል። እያንዳንዱ ቤተሰብ ድርሻውን ያመጣል። ወንዶቹ ቀጭኑን ገመድ ደራርበው እየጎነጎኑ ወፍራም ያደርጉታል። አራቱ ወፍራም ገመዶች ለወለል፣ ሁለቱ ለእጅ መያዣ ናቸው። ሥራው ከመጀመሩ በፊት ለምድር እናት፣ ለፓቻማማ፣ መሥዋዕት ይቀርባል። አሮጌው ድልድይ ተቆርጦ ወንዙ ውስጥ ይጣላል። ከዚያ ባለሙያዎቹ ከወዲህና ከወዲያ ጀምረው፣ ገደሉ ላይ ተንጠልጥለው፣ ጎንና ጎኑን እያሰሩ መሐል ላይ ይገናኛሉ። ሚስማር የሚባል ነገር የለም።

አጠገቡ የብረት ድልድይ አለ፤ መኪና የሚያልፈው በእሱ ነው። ሰዎቹ ግን የሣሩን አልተዉም። ዩኔስኮም እ.ኤ.አ. በ2013 ይህንን ዕውቀት በማይዳሰስ ቅርስነት መዝግቦታል። ኮሮና ሲመጣ ዓመታዊው ሥራ ተቋረጠ፤ ያረጀው ገመድም መጋቢት 2021 ላይ ተበጥሶ ወደቀ። በዚያው ዓመት ሰኔ ላይ ማኅበረሰቦቹ ተጠራርተው እንደገና ዘረጉት።