ካውንቲ ክሪኬት ምንድን ነው? ዮርክሻየርን ይዘን እንየው

ካውንቲ ክሪኬት የእንግሊዝና የዌልስ የአገር ውስጥ የክሪኬት ውድድር ነው። 18 ክለቦች አሉት። 17ቱ ከእንግሊዝ ናቸው፤ አንዱ ግላሞርጋን ከዌልስ ነው። እንደ እግር ኳሱ በከተማና በሰፈር ስም አይጠሩም። ስማቸው የካውንቲያቸው ስም ነው፦ ዮርክሻየር፣ ላንክሻየር፣ ሰሪ፣ ኤሴክስ፣ ኬንት እያለ ይቀጥላል። ካውንቲ ማለት ከጥንት ጀምሮ የነበረ የአስተዳደር ክልል ነው። (ከዚህ በታች ያሉት ዓመቶች ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።)

የሚገርመው ግን የክሪኬቱ ካርታና የመንግሥቱ ካርታ አይገጥሙም። ሚድልሴክስ እንደ አስተዳደር በ1965 ፈርሷል፤ አብዛኛው ወደ ለንደን ተጠቃሏል። ቡድኑ ግን ዛሬም ለንደን ውስጥ ሎርድስ ሜዳ ላይ ሚድልሴክስ ተብሎ ይጫወታል። ዮርክሻየርም በ1974 ተሸንሽኖ ሰሜን፣ ደቡብና ምዕራብ ዮርክሻየር የሚባሉ ካውንቲዎች ወጥተውበታል። ክሪኬቱ የሚያውቀው ግን አንድ ዮርክሻየር ብቻ ነው። ይህ ለእኛ እንግዳ ነገር አይደለም። ወሎ በዞን ከተከፈለ ስንት ዘመኑ! ሰው አገሩን ሲጠየቅ ግን ዛሬም «ወሎ» ነው የሚለው።

ዱባይ ወይም ሻርጃ የኖረ ሰው ክሪኬትን የሚያውቀው የህንድና የፓኪስታን ሠራተኞች በእረፍት ቀናቸው ባዶ ቦታ ላይ ሲጫወቱት አይቶ ነው። ላላየው ባጭሩ እንዲህ ነው። በሁለቱም በኩል 11 ተጫዋች አለ። አንዱ ቡድን ይወረውራል፣ ሌላው በእንጨት ባት ይመታል። ወርዋሪው ከመቺው ጀርባ የተተከሉትን ሦስት እንጨቶች ለመጣል ይሞክራል፤ ከተሳካለት መቺው ከጨዋታ ይወጣል። መቺው ደግሞ ኳሷን አርቆ መትቶ፣ ከወዲህ ወዲያ እየሮጠ ነጥብ ይሰበስባል። ነጥቡ ራን ይባላል። 10 መቺዎች ከወጡ የቡድኑ ተራ አለቀ።

የካውንቲዎቹ ትልቁ ውድድር ካውንቲ ሻምፒዮንሺፕ ነው። በይፋ የተጀመረው በ1890 ነው። አንድ ጨዋታ አራት ቀን ይፈጃል። አዎ፣ አራት ቀን! በመሃል የምሳና የሻይ እረፍት አለ። እያንዳንዱ ቡድን ሁለት ሁለት ጊዜ ይመታል፤ በአራት ቀን ካላለቀ አቻ ነው። ያሸነፈ 16 ነጥብ ያገኛል። ከዚያ ሌላ በመጀመሪያው ተራ ጥሩ የመታና ጥሩ የወረወረ ቡድን ተጨማሪ ነጥብ ስለሚይዝ፣ ተሸንፎም ባዶ እጁን ላይመለስ ይችላል። ውድድሩ ከኤፕሪል እስከ ሴፕቴምበር ይሄዳል፤ አንድ ቡድን 14 ጨዋታ ያደርጋል። በ2000 ሁለት ምድብ ሆነ፤ አሁን 10 ቡድኖች ከላይ፣ 8 ከታች ናቸው። መውጣትና መውረድ አለ።

አሁን ወደ ዮርክሻየር። ክለቡ የተመሠረተው በ1863 ሼፊልድ ከተማ ነው። ዛሬ ዋና ሜዳው ሊድስ ውስጥ ያለው ሄዲንግሊ ነው። ሻምፒዮንሺፑን ለብቻው 32 ጊዜ፣ በ1949 ደግሞ ከሚድልሴክስ ጋር በጋራ አንስቷል። ይህን ያህል የበላ ሌላ ካውንቲ የለም። ምልክቱ ነጭ ጽጌረዳ ነው። የጎረቤቱ የላንክሻየር ምልክት ቀይ ጽጌረዳ ስለሆነ፣ ሁለቱ ሲገናኙ «የጽጌረዳዎቹ ጨዋታ» ይባላል። ፉክክሩ የዋዛ አይደለም።

የአራት ቀን ክሪኬት ምን እንደሚያስደስት ለመረዳት አንድ ከሰዓት በኋላ መንገር ይበቃል። ያን ጊዜ ጨዋታው ሦስት ቀን ነበር። ጁላይ 1932፣ ሄዲንግሊ። ዮርክሻየር ከኖቲንግሃምሻየር ጋር። ዝናብ ጥሎ ሜዳው ርሷል። ኖቲንግሃምሻየር ለምሳ ሲያርፍ አንድም መቺ አልወጣበትም፤ 38 ራን ይዟል። ከምሳ በኋላ ፀሐይ ሜዳውን ማድረቅ ጀመረች። እንዲህ ያለ ሜዳ ላይ ኳስ ነጥራ ወዴት እንደምትሄድ አይታወቅም። ሄድሊ ቬሪቲ በግራ እጁ ዝግ አድርጎ፣ እያሽከረከረ የሚወረውር ሰው ነበር። የመቺዎቹ መከራ ያን ጊዜ መጣ። አንዱ ወጣ፣ ሌላው ተከተለ፣ ሦስቱን ደግሞ በተከታታይ ሦስት ኳስ አስወጣ። ቡድኑ በሙሉ በ67 ራን አለቀ። አሥሩንም ያስወጣው ቬሪቲ ነው፤ በእሱ ኳስ የተቆጠረው ደግሞ 10 ራን ብቻ ነው። በአንደኛ ደረጃ ክሪኬት (ቀናት በሚፈጀው ከፍተኛው ደረጃ) ከዚያ ወዲህ ይህን የበለጠ የለም። ቬሪቲ የተወለደው እዚያው ሄዲንግሊ ሰፈር ነው። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ዘምቶ፣ ቆስሎ፣ በ1943 ጣሊያን ውስጥ በ38 ዓመቱ ሞተ።

የሰፈር ልጅ በሰፈሩ ሜዳ ታሪክ ሲሠራ! ዮርክሻየር የሚኮራው በዚህ ነበር። ክለቡ ያልተጻፈ ሕግ ነበረው፤ በካውንቲው ድንበር ውስጥ ያልተወለደ አይጫወትም። እናቶች ምጥ ሲመጣባቸው ልጁ ዮርክሻየር እንዲወለድ ድንበር ተሻግረው ይሄዱ ነበር ይባላል። ሕጉን አጥብቆ በማስከበር የሚታወቀው ሎርድ ሆክ ግን፣ ከ1883 እስከ 1910 አምበል የነበረው ሰውዬ፣ ራሱ የተወለደው ሊንከንሻየር ነው። ለጌታ ሕግ የለውም ማለት ይኸው ነው።

ሕጉ ለረጅም ዘመን አልጎዳቸውም። የከሰል ማዕድኑና የሱፍ ፋብሪካው አካባቢ ሁሉ ክሪኬት ተጫዋች ያፈራ ነበር። ሌን ሃተን በ1938 ለእንግሊዝ በአንድ ተራ ብቻ 364 ራን መታ። የማዕድን ሠራተኛ ልጅ የሆነው ፍሬድ ትሩማን በ1964 በዓለም አቀፍ ጨዋታ 300 ሰው ያስወጣ የመጀመሪያው ወርዋሪ ሆነ። በ1960ዎቹ ዋንጫው ከዮርክሻየር እጅ ብዙም አይወጣም ነበር።

ከዚያ 1968 መጣ። ካውንቲዎች የውጭ አገር ኮከብ እንዲያስፈርሙ በሩ ተከፈተላቸው። ኖቲንግሃምሻየር ወዲያው ጋሪ ሶበርስን ከባርቤዶስ አመጣ። ሌሎቹም ተከተሉ። ዮርክሻየር «እኛ በልጆቻችን» አለ። በዚያው ዓመት ዋንጫ በላ፤ ከዚያ በኋላ 33 ዓመት ጠበቀ። በ1983 በሻምፒዮንሺፑ ለመጀመሪያ ጊዜ መጨረሻ ወጣ።

እልሁ የተሰበረው በ1992 ነው። የመጀመሪያው የውጭ ተጫዋች ከህንድ የመጣ የ19 ዓመት ልጅ ሆነ፦ ሳቺን ቴንዱልካር። መጀመሪያ የተፈለገው አውስትራሊያዊው ክሬግ ማክደርሞት ነበር፤ እሱ ሲጎዳ ዕድሉ ለሳቺን ደረሰው። የዮርክሻየር ሰው የሚያደርገውን ጠፍጣፋ ቆብ አድርጎ፣ የቢራ ብርጭቆ ይዞ የተነሳው ፎቶ ዛሬም ይታያል። በዚያ የውድድር ዘመን 1,070 ራን መታ። በኋላ የእንግሊዝ አምበል የሆነው ማይክል ቮንም ሕጉ ባይላላ ኖሮ ዮርክሻየር አይገባም ነበር። ያደገው ሼፊልድ ቢሆንም የተወለደው ላንክሻየር በኩል ነውና። ዋንጫው በ2001 ተመለሰ። ስካርቦሮ ላይ ግላሞርጋንን ሲያሸንፉ የመጨረሻዋን ኳስ የቀለበው አምበሉ ዴቪድ ባያስ ነበር፤ እሱ ደግሞ የዮርክሻየር ተወላጅ ነው።

ይህን ታሪክ እዚህ ላይ ዘግቶ «በሩ ተከፈተ» ማለት ይቻል ነበር። እውነቱ ግን እንደዚያ አይደለም። በ1950ዎቹና 60ዎቹ ከፓኪስታንና ከህንድ ብዙ ሰው በብራድፎርድና በአካባቢው የሱፍ ፋብሪካዎች ለመሥራት መጣ። ክሪኬት ይወዳሉ። ልጆቻቸው የተወለዱት እዚያው ዮርክሻየር ነው። በክለቡ በራሱ ሕግ ከሄድን ከሎርድ ሆክ ይልቅ እነሱ ናቸው የዮርክሻየር ልጆች። ሆኖም እንግሊዝ የተወለደ የእስያ ዝርያ ያለው ተጫዋች ለዋናው ቡድን ሲሰለፍ የታየው በ2004 ነው፤ የሃደርስፊልዱ አጅማል ሻህዛድ። በእኔ እምነት ይህ ክለቡ ከተነጠቀው ዋንጫ ሁሉ የበለጠ ኪሳራ ነው። ስንት ቬሪቲ በመናፈሻ ሜዳ ላይ ቀርቷል!

ነገሩ የፈነዳው በ2020 ነው። ካራቺ ተወልዶ በልጅነቱ ወደ ባርንስሊ የመጣው፣ ክለቡን በአምበልነትም የመራው አዚም ራፊቅ የደረሰበትን የዘር ስድብና መገለል ተናገረ። በኖቬምበር 2021 በፓርላማ ኮሚቴ ፊት ቀርቦ ሲመሰክር እንባ ተናነቀው። ሄዲንግሊ ዓለም አቀፍ ጨዋታ እንዳያስተናግድ ለጊዜው ታገደ። ስፖንሰሮች ጥለው ሄዱ፣ አመራሩ ተለወጠ። ክለቡ ጥፋቱን አምኖ፣ በ2023 ከሻምፒዮንሺፑ 48 ነጥብ ተቀነሰበት፤ 400,000 ፓውንድም ተቀጣ፣ ከዚህ የተወሰነው በገደብ ቢሆንም። ያን ጊዜ ሁለተኛው ምድብ ውስጥ ነበር። በ2024 ሁለተኛ ወጥቶ ወደ ላይኛው ምድብ ተመለሰ።

የዛሬው ራስ ምታት ሌላ ነው። ገንዘቡ ያለው በአጭሩ ክሪኬት ነው። በ2003 ካውንቲዎቹ በሦስት ሰዓት የሚያልቀውን ቲ20 ጀመሩ። በ2021 ደግሞ ሃንድረድ የሚባል፣ በየቡድኑ 100 ኳስ ብቻ የሚወረወርበት የስምንት ቡድኖች ውድድር መጣ። ለእሱ ሲባል የእንግሊዝ የሙቀት ወቅት እምብርት ኦገስት ተሰጠው። የአራት ቀኑ ጨዋታ በአብዛኛው ወደ ብርዱ ኤፕሪልና ወደ ሴፕቴምበር ተገፋ። እንደ ጆ ሩትና ሃሪ ብሩክ ያሉ የዮርክሻየር ልጆችም የብሔራዊ ቡድኑ ሥራ ስለማይለቃቸው ለካውንቲያቸው የሚጫወቱት አልፎ አልፎ ነው። ሩት ያደገው ሼፊልድ፣ ብሩክ የተወለደው ኪስሊ፣ ሁለቱንም ያበሰላቸው ግን ይኸው የካውንቲ ክሪኬት ነው። ይህ እየተዘነጋ መሄዱ ያሳዝናል።

ማየት ለሚፈልግ ወጪ የለውም። ክለቦቹ የሻምፒዮንሺፑን ጨዋታ በኢንተርኔት በነጻ ያስተላልፋሉ፤ ድምፁም ብዙ ጊዜ የቢቢሲ ሬዲዮ ነው። አራቱንም ቀን መቀመጥ አይጠበቅም። ለጀማሪ የምመክረው የአራተኛውን ቀን ከሰዓት በኋላ ነው፤ አንዱ ለማሸነፍ፣ ሌላው አቻ ለመውጣት ሲታገል። የጽጌረዳዎቹ ጨዋታ ከሆነ ደግሞ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሩ።