አማሮኔ፦ ስለ ቫልፖሊቼላው ጠንካራ ቀይ ወይን የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

ቫልፖሊቼላ በሰሜን ጣሊያን፣ ከቬሮና ከተማ በላይ፣ በጋርዳ ሐይቅና በሌሲኒ ተራሮች መካከል የሚገኝ ኮረብታማ አገር ነው። ከዚያ የሚወጣው አማሮኔ ዋጋው ውድ፣ ጣዕሙም ከባድ በመሆኑ፣ ብዙ ሰው ሳይቀምሰው በፊት የተሳሳተ ግምት ይይዛል።

የተሳሳተ አመለካከት፦ ከደረቀ ወይን ስለሚጠመቅ ጣፋጭ ነው።

እውነታው፦ በቤተ ክርስቲያናችን ለቅዳሴ የሚቀርበው ወይን ዘቢብ በውኃ ተዘፍዝፎ የሚጨመቅ ስለሆነ፣ የደረቀ ወይን ሲባል ጣፋጭነት ቢታሰበን አያስገርምም። አማሮኔ ግን ውኃ አይጨመርበትም። ኮርቪና፣ ኮርቪኖኔና ሮንዲኔላ የተባሉት የወይን ዓይነቶች በመስከረም ገደማ ይለቀሙና፣ ዘለላዎቹ ሳይደራረቡ ነፋስ በሚያገኝ ሰፊ ሰገነት ውስጥ፣ ድሮ በሸምበቆ መደርደሪያ ዛሬ ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ በሣጥን ተዘርግተው፣ ከሦስት እስከ አራት ወር ይቆያሉ። በዚህ ጊዜ ከክብደታቸው ሲሶ ያህሉን ወይም ከዚያ በላይ ስለሚያጡ፣ ስኳሩም አሲዱም የልጣጩም ጣዕም በቀረው ጭማቂ ውስጥ ይከማቻል። ከዚያም በአውሮፓ ብርድ ወራት ተጨምቀው ሲብላሉ፣ እርሾው ስኳሩን ቀስ በቀስ፣ ከሞላ ጎደል ጨርሶ ወደ አልኮል ይለውጠዋል። አማሮኔ ብዙ ጊዜ 15 ወይም 16 በመቶ አልኮል የሚይዘው በዚህ ምክንያት ነው። ቀማሹ የደረቀ ቼሪ፣ የፕለምና የካካዎ መዓዛ ሲያሸት ጣፋጭ ይመስለዋል፤ ሲውጠው ግን አፉ ላይ የሚቀረው ደስ የሚል መራራነት ነው። እኔ የዚህን ወይን ታላቅነት የማየው በዚሁ መራራነቱ ነው። ጣፋጩ የዚያው አገር ወይን ሬቾቶ ይባላል፤ የእርሱ መብላላት ስኳሩ ሳያልቅ ይቆማል።

የተሳሳተ አመለካከት፦ አማሮኔ ከጥንት ጀምሮ እንዲሁ የነበረ ወይን ነው።

እውነታው፦ ጥንታዊው ጣፋጩ ነው። በ6ኛው ክፍለ ዘመን ጣሊያንን ይገዛ በነበረው የጎቶች መንግሥት ውስጥ ባለሥልጣን የነበረው ካሲዮዶሩስ፣ በቬሮና አካባቢ ከደረቀ ወይን የሚጠመቀውን መጠጥ ለንጉሥ ማዕድ የሚገባ መሆኑን ጽፏል። ጣፋጭ ያልሆነው አማሮኔ ግን ወደ ገበያ በሰፊው የወጣው ከ1950ዎቹ ወዲህ ሲሆን፣ ሕጋዊ የትውልድ ስፍራ መለያ ያገኘው በ1968፣ ከፍተኛውን የጣሊያን ደረጃ ያገኘው ደግሞ በ2010 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።

የተሳሳተ አመለካከት፦ ቫልፖሊቼላ የሚል ጽሑፍ ያለበት ጠርሙስ ሁሉ አንድ ነው።

እውነታው፦ ተራው ቫልፖሊቼላ ካልደረቀ ወይን የሚሠራ ቀለል ያለ መጠጥ ነው። ሪፓሶ የሚባለው ደግሞ ይኸው ተራ ወይን፣ ከአማሮኔ በቀረው ልጣጭና አተላ ላይ ዳግም ሲብላላ የሚገኝ ነው።

የተሳሳተ አመለካከት፦ በብርጭቆው ግድግዳ ላይ ወፍራም ጠብታ የሚወርድበት ወይን ጥሩ ወይን ነው።

እውነታው፦ ጠብታው በዋናነት የሚያሳየው የአልኮልን ብዛት ነው። የቀለም ጥቁረትም ቢሆን ማስረጃ አይሆንም፤ ኮርቪና ራሱ ቀለሙ እጅግ የጠቆረ ፍሬ አይደለም።

የተሳሳተ አመለካከት፦ ቀይ ወይን በቤት ሙቀት ይቀርባል።

እውነታው፦ አማሮኔ ሲሞቅ የአልኮሉ ሽታ መዓዛውን ይሸፍነዋል። ከ16 እስከ 18 ዲግሪ ሴልሺየስ ይበቃዋል፤ ስለዚህ ቤቱ ሞቃት ከሆነ ጠርሙሱን ለጥቂት ጊዜ ማቀዝቀዣ ውስጥ ማቆየት ተገቢ ነው። በአነስተኛ መጠን ቀድቶ፣ ለረጅም ሰዓት ከበሰለ ሥጋ ወይም በደንብ ከቆየ አይብ ጋር ቀስ እያሉ መጠጣት የዚያው የቬሮና ሰዎች ልማድ ነው።