ዲፕሎማቱ ለአገሩ የሚጽፈው

ዲፕሎማት ሲባል ብዙዎቻችን ቶሎ የሚመጣልን ግብዣው፣ ባንዲራ ያለበት መኪናና ካሜራ ፊት መጨባበጡ ነው። የሥራው ትልቁ ክፍል ግን መጻፍ ነው። ሰውየው በሰው አገር ይቀመጣል፤ ያያል፣ ይጠይቃል፣ ይሰማል። ከዚያ ስለ ባህሉ፣ ስለ ታሪኩ፣ ስለ ፖሊሲውና ስለ ንግዱ ለአገሩ ይጽፋል። (ከዚህ በታች ያሉት ቀኖችና ዓመቶች ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ልማዱ የቆየ ነው። የቬኒስ ሪፐብሊክ አምባሳደሮች የሥራ ዘመናቸውን ጨርሰው ሲመለሱ ሴኔቱ ፊት ቀርበው ያዩትን ይናገሩ ነበር። የንጉሡ ጠባይ፣ የግምጃ ቤቱ ገቢ፣ የሠራዊቱ ብዛት፣ የገበያው ሁኔታ፣ ሁሉም እዚያ ውስጥ አለ። ዛሬም ስለ 16ኛው ክፍለ ዘመን አውሮፓ የሚጽፉ የታሪክ ሰዎች እነዚህን ወረቀቶች ያገላብጣሉ።

አሁን ሥራውን የሚገዛው የ1961 የቪየና ስምምነት ነው። አንቀጽ 3 ዲፕሎማቱ የተላከበትን አገር ሁኔታ በሕጋዊ መንገድ አጣርቶ ለመንግሥቱ እንዲያሳውቅ፣ የኢኮኖሚ፣ የባህልና የሳይንስ ግንኙነትንም እንዲያሳድግ ይላል። አንቀጽ 41 ደግሞ በተላከበት አገር የውስጥ ጉዳይ ጣልቃ እንዳይገባ ይከለክላል። ስለዚህ ዲፕሎማት ሁለት ዓይነት ጽሑፍ አለው። አንዱ ለሕዝብ የሚወጣው ነው፤ ለስለስ ያለ፣ ምስጋና የበዛበት። ሌላው ለአለቆቹ የሚልከው ነው። እውነቱን ለማወቅ የሚፈልግ ሰው ሁለተኛውን ቢያነብ ይሻለዋል።

በእንግሊዝ አምባሳደሮች ዘንድ ከዚህኛው ወገን አንድ የታወቀ ዓይነት ነበር፤ የስንብት ደብዳቤ። ተሰናባቹ አምባሳደር ስለ ኖረበት አገር ሕዝብ፣ ስለ ራሱ መንግሥት ስህተት፣ አንዳንዴም ስለ መሥሪያ ቤቱ አሠራር ሆዱ ውስጥ የቆየውን ሁሉ ይዘረግፋል። ደብዳቤዎቹ በመሥሪያ ቤቱ ውስጥ ከእጅ እጅ ይዞሩ ነበር። ልማዱ በ2006 ቆመ። እኔ እንደ ጉዳት ነው የማየው። ሹመት የማይጠብቅ ሰው የሚጽፈው ሌላ ጣዕም አለው።

ንግድን በተመለከተ ቀድሞ ትልቁን ሥራ የሚሠራው ቆንስሉ ነበር። ቆንስል ማለት የመርከብ፣ የጭነትና የቀረጥ ሰው ነው። ግን ንግድን አጥብቆ የሚከታተል ሰው ሳያስበው ሌላ ነገር ላይ ይደርሳል። ሮጀር ኬዝመንትን እንውሰድ። በ1903 የእንግሊዝ ቆንስል ሆኖ ኮንጎ ነበር። አገሩ ያን ጊዜ የቤልጅየሙ ንጉሥ ሊዮፖልድ ዳግማዊ የግል ይዞታ ነው። በዚያው ዘመን ኤድመንድ ሞሬል የሚባል የመርከብ ድርጅት ጸሐፊ አንትወርፕ ወደብ ላይ አንድ ነገር ልብ ብሏል። ከኮንጎ የሚመጡት መርከቦች ጎማና የዝሆን ጥርስ ጭነው ይደርሳሉ። ሲመለሱ ግን የሚጭኑት በአብዛኛው ጠመንጃና ጥይት ነው። ታዲያ ሰዎቹ ለጎማቸው ምን እየተከፈላቸው ነው?

ኬዝመንት መልሱን ፍለጋ ወንዙን ሽቅብ ወጣ። አንዳንዶቹን መንደሮች በ1887 አይቷቸው ስለነበር ድሮና ዘንድሮን ማነጻጸር ቻለ። ሰው ሞልቶባቸው የነበሩ ቦታዎች ጭር ብለዋል። የተመደበባቸውን ጎማ ባለማምጣታቸው የተገረፉ፣ የታሰሩ፣ እጃቸው የተቆረጠ ሰዎች ቃላቸውን ሰጡት። እሱም የሰማውን ከነስማቸው ጻፈ። ሪፖርቱ በ1904 ሲታተም ግን የውጭ ጉዳይ መሥሪያ ቤቱ የሰዎቹንና የቦታዎቹን ስም አውጥቶ በፊደላት ተካው። ኬዝመንት በዚህ በጣም ተቆጣ። መቆጣቱ ልክ ነበር። ስም የሌለው ምስክር በቀላሉ ይካዳልና። ቢሆንም ሪፖርቱ ከሌሎች ግፊቶች ጋር ተደምሮ ሥራውን ሠራ፤ በ1908 ኮንጎ ከንጉሡ እጅ ወጥታ ወደ ቤልጅየም መንግሥት ተዛወረች። ያም ነጻነት አልነበረም።

በፖሊሲ በኩል ስሙ ቶሎ የሚነሳው የጆርጅ ኬናን ረጅም ቴሌግራም ነው። የካቲት 22 ቀን 1946 ከሞስኮ የአሜሪካ ኤምባሲ የተላከ ሲሆን ከ5,000 ቃላት በላይ ነው። ኬናን በዚያ ሰሞን ታሞ አልጋ ላይ ነበር፤ ተኝቶ እያለ ነው ለጸሐፊዋ በቃል ያስጻፋት። ዋሽንግተን ለዓመታት የተከተለችው ሶቪየትን የመግታት ፖሊሲ ብዙ ሐሳቡን ያገኘው ከዚህ ነው።

ባህልን ብዙዎች የዲፕሎማሲ ማጣፈጫ ያደርጉታል። መንግሥታት ግን ገንዘብ ያፈሱበታል፤ የፈረንሳዩ አሊያንስ ፍራንሴዝ በ1883፣ የእንግሊዙ ብሪቲሽ ካውንስል በ1934፣ የጀርመኑ ጎተ ኢንስቲትዩት በ1951 ነው የተቋቋሙት። ባህል ከፖሊሲ ጋር እንዴት እንደሚጠላለፍ የዋሽንግተን የቼሪ ዛፎች ያሳያሉ። በ1910 ከቶኪዮ ከተማ 2,000 ችግኞች በስጦታ መጡ። የግብርና ባለሙያዎች ሲመረምሯቸው ተባይና በሽታ ተገኘባቸው። ፕሬዚዳንት ታፍት እንዲቃጠሉ ፈቀዱ። የወዳጅ ስጦታ ማቃጠል! የውጭ ጉዳይ ሚኒስትሩ ለጃፓን አምባሳደር የጥልቅ ጸጸት ደብዳቤ ጻፉ። ጃፓኖቹም ሳይቀየሙ በ1912 ሌላ 3,020 ዛፍ ላኩ። የመጀመሪያዎቹን ሁለቱን የፕሬዚዳንቱና የጃፓኑ አምባሳደር ባለቤቶች አብረው ተከሉ።

መታሰቢያ ሲሆን ነገሩ ይከብዳል። በየዓመቱ ኅዳር 11 አንደኛው የዓለም ጦርነት ያበቃበት ቀን ይታሰባል። ሚያዝያ 25 ደግሞ በዚያው ጦርነት በ1915 በቱርኳ ጋሊፖሊ ላይ የወደቁት ይታሰባሉ። ያን ዕለት በዚያው መሬት የተዋጉት የቱርክ፣ የአውስትራሊያና የኒውዚላንድ ተወካዮች ጎን ለጎን ቆመው አበባ ያኖራሉ። እዚያ የሚነገር እያንዳንዱ ቃል ይመዘናል። የአንዱ አገር ጀግና በሌላው ዘንድ ወራሪ ነው።

ራሱ መታሰቢያ የሆነ ዲፕሎማትም አለ። ቺዩኔ ሱጊሃራ በ1940 በሊቱዌንያዋ ካውናስ የጃፓን ምክትል ቆንስል ነበር። ከናዚ የሚሸሹ አይሁዶች በሩን ሞሉት። የአገሩ መመሪያ አይፈቅድለትም። እሱ ግን ከ2,000 በላይ የመተላለፊያ ቪዛ ሰጠ፤ ብዙውን በእጁ እየጻፈ። ከተማዋን ሲለቅ ባቡሩ ውስጥ ሆኖ እንኳ ይጽፍ ነበር። እስራኤል በ1984 የአይሁዶችን እልቂት በሚዘክረው ተቋሟ በያድ ቫሼም በኩል አክብራዋለች።

ይህን ሁሉ ማንበብ ለሚፈልግ በሩ ክፍት ነው። አሜሪካ የዲፕሎማቶቿን ወረቀቶች ከ1861 ጀምራ በቅጽ በቅጽ ታሳትማለች። የኬናን ቴሌግራም በ1946ቱ ስድስተኛ ቅጽ ውስጥ፣ ሌሎች ተራ መልዕክቶች መሃል ተቀምጧል።