የጃቫስክሪፕት ኦብጀክት፦ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

ኦብጀክት፣ ማለትም መረጃን ስምና ዋጋ እያጣመረ የሚይዝ ነገር፣ ሲጀመር ቀላል ነው። ቅንፍ ትከፍታላችሁ፣ ስም፣ ሁለት ነጥብ፣ ዋጋ፣ አለቀ። ግራ መጋባቱ የሚመጣው ከአንድ ቫሪያብል ወደ ሌላው ማዘዋወር ስትጀምሩ ነው።

«እኩል ይሆናል ካልኩ ኮፒ ሆነ»

አልሆነም። ጀማሪ ሳለሁ አንድ ፎርም እሠራ ነበር። ተጠቃሚው «ሰርዝ» ሲል የቀድሞው መረጃ እንዲመለስለት፣ ኦብጀክቱን «የድሮው» በሚል ሌላ ቫሪያብል አስቀመጥኩት። «ሰርዝ» ሲጫን ግን ምንም አይመለስም። በተኑን ስፈትሽ ግማሽ ቀን አለቀ። ጥፋቱ የበተኑ አልነበረም። ቫሪያብል የሚይዘው ኦብጀክቱን ሳይሆን ያለበትን አድራሻ ነው። የአንድን ቤት አድራሻ ሁለት ወረቀት ላይ ብትጽፉ ቤቱ ሁለት አይሆንም። እኔም «የድሮው» ያልኩት ያንኑ አዲሱን ነበር።

«እሺ፣ በሦስት ነጥብ ኮፒ አደርገዋለሁ»

ስፕሬድ ማለታችሁ ነው። ይሠራል፣ ግን የላይኛውን ደረጃ ብቻ ነው የሚገለብጠው። ለምሳሌ «ተማሪ» የሚባል ኦብጀክት ውስጥ «ውጤት» የሚባል ሌላ ኦብጀክት ካለ፣ ሁለቱም ኮፒዎች አንዱን «ውጤት» ይጋሩታል። በአንዱ በኩል 80 የነበረውን ውጤት 90 ብታደርጉት በሌላውም 90 ነው። እስከ ታች ድረስ መገልበጥ ከፈለጋችሁ ስትራክቸርድክሎን አለ። ውስጡ ፈንክሽን ካገኘ ግን ኤረር ይወረውራል።

«ሁለቱ ውስጣቸው አንድ ስለሆነ እኩል ናቸው»

ያው የአድራሻው ነገር ነው። ሁለት ባዶ ኦብጀክቶችን በሦስት እኩል ምልክት ብታወዳድሩ መልሱ ፎልስ (ሐሰት) ነው።

«ኮንስት ካልኩት አይነካም»

ይነካል። ኮንስት ቫሪያብል የምንፈጥርበት ቃል ነው። በኮንስት የተያዘ የ«ተማሪ» ኦብጀክትን ዕድሜ ከ20 ወደ 21 ቀይሩ፤ ማንም አይቆጣችሁም። ኮንስት የሚከለክለው ቫሪያብሉን ሌላ ነገር ማስያዝ ነው። ለመቆለፍ ኦብጀክት ፍሪዝ አለ፤ እሱም እንደ ስፕሬድ ከላይኛው ደረጃ አያልፍም። ከሁሉ የሚያናድደው ደግሞ ከስትሪክት ሞድ (ጃቫስክሪፕት ጥብቅ ከሚሆንበት አሠራር) ውጭ ሲሆን ነው፦ የተቆለፈውን ለመቀየር ብትሞክሩ ዝም ይላል። አይቀይርም፣ ኤረርም አያሳይም።

«ጄሰን ያው ኦብጀክት ነው»

ጄሰን ጽሑፍ ነው፤ መልኩን ነው ከኦብጀክት የወሰደው። ወደ ጄሰን ቀይሮ መልሶ በማምጣት ኮፒ የሚያደርጉ ብዙ ናቸው። ዴት (ቀን) ስትሪንግ (ተራ ጽሑፍ) ሆኖ ይመለሳል፣ ፈንክሽን ጭራሽ ይጠፋል።

«ታይፕኦፍ ኦብጀክት ካለኝ ኦብጀክት ነው»

ታይፕኦፍ የአንድን ዋጋ ዓይነት የሚነግር ነው። ነል (ምንም ዋጋ የለም የሚለው) ላይ ሞክሩት። ኦብጀክት ይላችኋል! በ1995 እ.ኤ.አ. ቋንቋው ሲወለድ የገባ ስህተት ነው። ቢታረም የቆዩ ድረ ገጾች ይበላሻሉ ተብሎ እስካሁን እንዳለ አለ። አሬይም (የዋጋዎች ዝርዝር) ላይ ኦብጀክት ነው የሚለው፤ ለእሱ አሬይ ኢዝአሬይን ተጠቀሙ።

«ፕሮፐርቲዎቹ (ኦብጀክቱ ውስጥ ያሉት ስምና ዋጋዎች) በጻፍኩት ቅደም ተከተል ይወጣሉ»

ስማቸው ፊደል ከሆነ አዎ። «ስም»፣ 10፣ 2 ብላችሁ ብትጽፉ ግን 2፣ 10፣ «ስም» ሆነው ይወጣሉ። እንዲህ ያሉ ኔጌቲቭ ያልሆኑ ሙሉ ቁጥሮች ቀድመው ይሰለፋሉ። ቅደም ተከተሉ የግድ ካስፈለጋችሁ ማፕ የሚባለውን ሌላ የመረጃ መያዣ ተጠቀሙ።