ለማን ይጫወት? ስለ ሁለት አገር ልጆች ተሳስተን የምናወራቸው ነገሮች

የጓደኛዬ ልጅ 15 ዓመቱ ነው። ሜሪላንድ ተወልዶ እዚያው ያደገ ኳስ ተጫዋች ነው። ለእረፍት አያቱን ሊጠይቅ አዲስ አበባ መጣና ምሳ ላይ አጎቶቹ ከበቡት። «እሺ ጎረምሳው፣ ለማን ነው የምትጫወተው? ለአሜሪካ ነው ለዋልያዎቹ?» ልጁ ጉርሻውን ዋጥ አድርጎ «መጀመሪያ ማን ይጠራኛል?» አለ። ሁሉም ሳቁ። እኔ ግን በዚያ ቤት ከተነገረው ሁሉ ትክክለኛው የእሱ ይመስለኛል። ክርክሩ ከአቦል እስከ በረካ ቀጠለ። የሰማኋቸው ነገሮች በየካፌው፣ በየታክሲው የምሰማቸው ናቸው። ብዙዎቹ ልክ አይደሉም፤ ልጆቹንም ይጎዳሉ። አንድ በአንድ ልያዛቸው።

«አንዴ ለታዳጊ ብሔራዊ ቡድን ከተሰለፈ አለቀ»

አላለቀም። ጌድዮን ዘላለምን አስታውሱ። እ.ኤ.አ. በ1997 በርሊን ከኢትዮጵያውያን ወላጆች ተወለደ (ከዚህ በኋላ ያሉት ዓመቶችም፣ ከአዋጆቹ ቁጥር በስተቀር፣ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው)። በ2006 ወደ አሜሪካ ሄዶ ዋሽንግተን አካባቢ አደገ። ከዚያ አርሰናል ወሰደው። አሰልጣኙ ቬንገር አርሰናልን ከያዙ በኋላ ተወልዶ በእሳቸው ሥር የተሰለፈ የመጀመሪያው ተጫዋች እሱ ነው። ለጀርመን ከ15 እስከ 17 ዓመት በታች ባሉት ቡድኖች ተጫውቷል። እኛም እዚህ ሆነን «ለኛ ይምጣ» እንል ነበር። በ2014 መጨረሻ ላይ የአሜሪካ ዜግነት አገኘ። በሜይ 2015 ፊፋ ፈቀደለት። ወዲያው ኒውዚላንድ ላይ በተደረገው ከ20 ዓመት በታች ዓለም ዋንጫ ለአሜሪካ ተሰለፈ።

ፉአድ ኢብራሂምም አለ። ኢትዮጵያ ተወልዶ ሚኒሶታ አደገ። ለአሜሪካ ታዳጊ ቡድኖች ተጫወተ። በ2013 አፍሪካ ዋንጫ ግን ከዋልያዎቹ ጋር ደቡብ አፍሪካ ነበር። ጀማል ሙሲያላም ለእንግሊዝ እስከ ከ21 ዓመት በታች ድረስ ተጫውቶ በ2021 ጀርመንን መርጧል።

ታዳጊው የተሰለፈው በይፋዊ ውድድር ከሆነ ዋናው ጥያቄ «በዚያ ቀን የሌላኛው አገር ዜግነት ነበረው ወይ?» የሚለው ነው። ከነበረው መቀየር ይችላል። ካልነበረው ነገሩ ይጠባል፤ ቢሆንም የዕድሜና የትውልድ መስፈርት ላሟላ ልጅ ጨርሶ አይዘጋም። ይህችን የዜግነት ነገር ያዙልኝ፤ ቆይቼ እመለስባታለሁ።

«ዋናውን ቡድን ከነካ ግን መመለሻ የለውም»

ይህኛው ድሮ እውነት ነበር። ለዚያውም ግማሹ። ለዋናው ቡድን የተደረገ የወዳጅነት ጨዋታ ብቻውን አያስርም። ዴክላን ራይስ ለአየርላንድ ሦስት የወዳጅነት ጨዋታ አድርጎ ነው በ2019 ወደ እንግሊዝ የሄደው። ብራሂም ዲያዝም በ2021 ለስፔን አንድ የወዳጅነት ጨዋታ ተጫውቶ ጎል ሁሉ አግብቷል። በ2024 የሞሮኮን ማልያ ለበሰ።

የሚያስረው ይፋዊ ውድድር ነበር። እንዴት እንደሚያስር ከሙኒር ኤል ሐዳዲ በላይ የሚያውቅ የለም። በሴፕቴምበር 2014 ገና 19 ዓመት እንደሞላው ስፔን ከመቄዶንያ ጋር ባደረገችው የአውሮፓ ዋንጫ ማጣሪያ ተቀይሮ ገባ። የተጫወተው 13 ደቂቃ ነው። ከዚያ በኋላ ስፔን አልጠራችውም። የአባቱ አገር ሞሮኮ ለ2018 ዓለም ዋንጫ ፈለገችው። ጉዳዩ ስፖርት ፍርድ ቤት ድረስ ሄዶ ተሸነፈ። አስቡት እንግዲህ፣ 13 ደቂቃ ስንት ዓመት እንደበላበት።

በሴፕቴምበር 2020 የፊፋ ጉባኤ ደንቡን አላላ። አሁን ለዋናው ቡድን ከሦስት ጨዋታ ያልበለጠ ያደረገ፣ ያንንም 21 ዓመት ሳይሞላው ያደረገ ተጫዋች መቀየር ይችላል። ከመጨረሻው ጨዋታው ሦስት ዓመት ማለፍ አለበት። በዓለም ዋንጫ ወይም በአህጉር ዋንጫ ዋና ውድድር ላይ ግን ተሰልፎ ከሆነ፣ ለአንድ ደቂቃም ቢሆን፣ አይሆንም። የሚሄድበትን አገር ዜግነትም ለመጀመሪያው አገር በይፋዊ ውድድር ሲሰለፍ ይዞት የነበረ መሆን አለበት። ሙኒር በዚህ በር ገብቶ በ2021 ለሞሮኮ ተሰለፈ።

«ኢሳቅ አምልጦን ነው እንጂ የኛ ነበር»

አልነበረም። አሌክሳንደር ኢሳቅ ስቶክሆልም አጠገብ ሶልና ከኤርትራውያን ወላጆች ተወለደ። ከስዊድን ሌላ በር ከነበረው የአስመራው ነው። በ17 ዓመቱ፣ በጃንዋሪ 2017፣ ለስዊድን ስሎቫኪያ ላይ ጎል አግብቷል። የሀበሻ ልጅ ነው ብሎ መኩራት ደስ ይላል፤ እኔም እኮራለሁ። ፌዴሬሽናችንን በእሱ መውቀስ ግን ልክ አይደለም።

«ደሙ ኢትዮጵያዊ ከሆነ፣ ቢጫ ካርድም ካለው ይጫወታል»

ሰው ሁሉ የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። ስህተቱም ከሁሉ የሚያስከፍለው ይህ ነው።

ፊፋ ስለ ደም አይጠይቅም። የሚጠይቀው ዜግነት ነው። አባት ወይም አያት እዚያ አገር መወለዳቸው የሚረዳው ተጫዋቹ መጀመሪያ የዚያ አገር ዜጋ ከሆነ ነው። አያት ብቻዋን ማልያ አታለብስም።

ቢጫ ካርድ የምንለው የትውልደ ኢትዮጵያ መታወቂያ ደግሞ ዜግነት አይደለም። በአዋጅ ቁጥር 270/1994 የመጣ ነው። የአዋጁ ስም ራሱ «የውጭ አገር ዜግነት ያላቸው ትውልደ ኢትዮጵያውያን» ይላል። የያዘው ሰው ያለ ቪዛ ይገባል፣ ያለ ሥራ ፈቃድ ይሠራል። በሕግ ፊት ግን የውጭ ዜጋ ነው። አይመርጥም፣ አይመረጥም። ካርዱን ለፊፋ ቢያሳይ የውጭ ዜጋ መሆኑን ራሱ ይመሰክርበታል።

የዜግነት አዋጁ ቁጥር 378/1996 ነው። ኢትዮጵያ ጥምር ዜግነት አትፈቅድም። አዋጁ እንደሚለው ከሁለት አንድ ወላጁ ኢትዮጵያዊ የሆነ ልጅ፣ የትም ይወለድ የት፣ ኢትዮጵያዊ ነው። ውጭ በመወለዱ ሌላ ዜግነት ካገኘ ግን 18 ዓመት ከሞላው በኋላ ባለው አንድ ዓመት ውስጥ መወሰን አለበት። ሌላውን ዜግነት ትቶ የኢትዮጵያን እንደሚይዝ ካላሳወቀ፣ ኢትዮጵያዊነቱን በፈቃዱ እንደተወ ይቆጠራል። ዝም ካለ አለቀ ማለት ነው።

ስዊድን ወይም ጀርመን ያደገን የ18 ዓመት ልጅ አስቡት። ከክለቡ ጋር የመጀመሪያ ውሉን ሊፈርም ነው። በፓስፖርቱ በየትኛውም የአውሮፓ ኅብረት አገር እንደ አገሬው ልጅ ይፈርማል። እኛ ደግሞ «ያንን ጥለህ ና» እንለዋለን። ሞሮኮ እንዲህ አትልም፤ ልጆቿ ሁለቱንም ይዘው ይጫወታሉ። በ2022 ዓለም ዋንጫ ግማሽ ፍጻሜ ከገቡት 26 ተጫዋቾቿ 14ቱ ውጭ የተወለዱ ነበሩ። ሐኪሚ ማድሪድ ነው የተወለደው። እነሱም አገራቸውን አብልጠው ስለወደዱ አይደለም። ሕጋቸው ልጆቹን አላስመረጣቸውም።

አንዳንዱ «ሕጉ ይቀየር» ይላል። ሌላው «ዜግነት ለኳስ ተብሎ አይነካም» ይላል። እኔ ቢቀየር ከሚሉት ነኝ። ግን እስከዚያው ልጁን አንውቀስ።

«ሌላ አገር የመረጠ ከሃዲ ነው»

ይህን ቃል የ16 ዓመት ልጅ ገጽ ሥር ተጽፎ አይቼ አዝኛለሁ። በአማርኛ ስለተጻፈ ልጁ አላነበበውም ይሆናል። እናቱ ግን ታነበዋለች።

ቴዎዶር ገብረ ሥላሴ የኢትዮጵያዊ ሐኪም ልጅ ነው። ቼክ አገር ተወለደ፣ እናቱ ቼክ ናት፣ ኳስን እዚያ ተማረ። ለቼክ ዋና ብሔራዊ ቡድን የተሰለፈ የመጀመሪያው ጥቁር ተጫዋች ሆነ። ምኑን ካደ? አዲስ አበባ ተወልዶ ለእስራኤል የተጫወተው ነፍሱን ይማርና ጋዲ ኪንዳስ?

በ2016 አውሮፓ ዋንጫ ላይ ስዊዘርላንድና አልባኒያ ሌንስ ከተማ ተገናኙ። ግራኒት ዣካ ለስዊዘርላንድ፣ ታላቅ ወንድሙ ታውላንት ለአልባኒያ ተሰለፉ። እናታቸው መቀመጫዋ ላይ ሆና የለበሰችው ካናቴራ ግማሹ የስዊዝ፣ ግማሹ የአልባኒያ ባንዲራ ነበር። ካሜራው ደጋግሞ ያሳያት ነበር። ስዊዘርላንድ 1 ለ 0 አሸነፈች። ያቺን እናት የትኛው ልጅሽ ነው ከሃዲው ብሎ የሚጠይቃት ማነው?

«ፌዴሬሽኑ ከጠራው ሌላው ወረቀት ነው»

ወረቀቱ ነው ጨዋታው። ኤሚሊዮ ንሱዌ ለስፔን በታዳጊነቱ ተጫውቶ ከ2013 ጀምሮ ለኢኳቶሪያል ጊኒ ሲሰለፍ ኖረ። በ2024 መጀመሪያ በአፍሪካ ዋንጫ በአምስት ጎል ኮከብ ጎል አግቢ ሆነ። ወራት ሳይቆይ ፊፋ «መቀየርህን አልፈቀድኩም ነበር» ብሎ ለስድስት ወር አገደው። አገሩ ያሸነፈቻቸው ሁለት የዓለም ዋንጫ ማጣሪያዎች ተነጠቁባት። ሁለቱንም 1 ለ 0 ያሸነፈችው በእሱ ጎል ነበር። እኛም ብንሆን በ2013 በሁለት የማስጠንቀቂያ ቢጫ ካርድ የታገደውን ምንያህል ተሾመን ቦትስዋና ላይ አሰልፈን ሦስት ነጥብ አጥተናል። የሚቀይር ተጫዋች በፌዴሬሽኑ በኩል ጥያቄውን በጽሑፍ ያቀርባል፣ ፊፋ ይፈቅዳል፣ ከዚያ ነው ማልያው።

በዚያ የምሳ ቀን፣ ቡናው ካለቀ በኋላ፣ ጓደኛዬን ለብቻው ጠየቅሁት። «አንተና ባለቤትህ የአሜሪካ ዜግነት የወሰዳችሁት መቼ ነው?» ትንሽ አሰበ። ልጁ ከመወለዱ ሁለት ዓመት በፊት ነበር፣ ሁለቱም። እንግዲያው ልጁ ሲወለድ ኢትዮጵያዊ ወላጅ አልነበረውም። በ18 ዓመቱ የሚያሳውቀውም ዜግነት የለም። አጎቶቹ ሁለት ሰዓት ሙሉ የተከራከሩበት ምርጫ ለእሱ ቀድሞውኑ አልነበረም።

ጓደኛዬ ዝም አለ። ልጁ ከበሩ ውጭ ከሰፈር ልጆች ጋር ኳስ ይጫወት ነበር፤ አያቱ መርካቶ የገዙለትን የዋልያዎቹን ማልያ ለብሶ።