ቨርቲጎን አልወደድኩትም፣ ግን ገብቶኛል

የዳይሬክተር አልፍሬድ ሂችኮክ «ቨርቲጎ» ፊልም ሲነሳ ሁሉም ያወድሰዋል። እኔ ግን አይቼው ቅር ብሎኛል። ይህን ስናገር የሚመጡብኝ መልሶች አሉ፣ አብዛኞቹም ልክ አይደሉም።

«ያልወደድከው ስላልገባህ ነው»

ታሪኩ እኮ ከባድ አይደለም። ስኮቲ ከፍታ የሚያስፈራው የቀድሞ መርማሪ ነው። የድሮ ጓደኛው «ሚስቴን ተከታተልልኝ» ይለዋል፣ ሲከታተላት ይወዳታል፣ ከዛ ከደወል ቤት ወድቃ ትሞታለች። በኋላ እሷን የምትመስል ጁዲ የምትባል ሴት ያገኝና ልብሷን፣ ጫማዋን፣ የፀጉሯን ቀለም ሳይቀር እያስቀየረ ሟቿን ሊያደርጋት ይታገላል። ቅር ያለኝ ሌላ ነገር ነው። ሚስቱን ገድሎ ይህን ሁሉ ያቀነባበረው ባል አገር ጥሎ ይሄዳል፣ በቃ፣ ማንም አይጠይቀውም። ስኮቲን ከልቧ የምትወደው ሚጅም ሆስፒታል ሄዳ ከጠየቀችው በኋላ ድራሿ ይጠፋል፤ ፊልሙ ውስጥ ሰው ሰው የምትሸተው እሷ ነበረች።

«ከወጣ ጀምሮ ዓለም ያደነቀው ነው»

አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1958 ሲወጣ ተቺዎቹ ራሳቸው አልተስማሙበትም። ለዓመታት ከእይታ ርቆ ቆይቶ በ1980ዎቹ ነው እንደገና የወጣው። «ሳይት ኤንድ ሳውንድ» የተባለው የእንግሊዝ መጽሔት በየ10 ዓመቱ ተቺዎችን በሚያስመርጥበት ዝርዝር አንደኛ የሆነው ደግሞ በ2012 ነው።

«ሚስጥሩን እንዳትናገር»

ፊልሙ ራሱ ይናገረዋል። ሊያልቅ ግማሽ ሰዓት ገደማ ሲቀረው ጁዲ ቁጭ ብላ የጓደኛውን ሚስት መስላ ያታለለችው እሷ ራሷ እንደሆነች ለስኮቲ ትጽፍና ደብዳቤውን ትቀደዋለች። ከዛ በኋላ የሚያንጠለጥለን «ሲያውቅ ምን ያደርጋታል?» የሚለው ብቻ ነው።

«የድሮ ፊልም ስለሆነ ነው የሚንቀራፈፈው»

ይሄ ሂችኮክን መበደል ነው። «ሪር ዊንዶው» በ4 ዓመት ይቀድመዋል፣ ታሪኩም ከአንድ ክፍል ብዙ አይወጣም፣ ግን ከወንበር አያስነሳም። ቨርቲጎ የሚያዘግመው አውቆ ነው። ስኮቲ በሳን ፍራንሲስኮ መንገዶች ሴትዮዋን ከአበባ መሸጫ ወደ መቃብር፣ ከመቃብር ወደ ሙዚየም ሲከተል ንግግር የለም ማለት ይቻላል፣ የበርናርድ ኸርማን ሙዚቃ ብቻ ነው የሚሰማው። ሙዚየሙ ውስጥ ካሜራው ከእቅፍ አበባዋ ወደምታየው ሥዕል አበባ፣ ከተጠቀለለው ፀጉሯ ደግሞ ሥዕሉ ላይ ወዳለችው ሴት ፀጉር ይሻገራል። በጣም ያምራል። የመኪናው ክትትል ግን ለእኔ ከልክ በላይ ረዝሟል።

«ስለዚህ ምንም አልጣመህም»

ኧረ በጭራሽ! ስኮቲ ከደረጃው ላይ ቁልቁል ሲያይ ካሜራው ወደ አንድ አቅጣጫ ሲሄድ ሌንሱ ተቃራኒውን ይሠራል፣ ደረጃውም ዓይናችን እያየ ይለጠጣል። ለዚህች ቅጽበት የደረጃውን ትንሽ ሞዴል ሠርተው፣ በጎኑ አጋድመው ነው የቀረጹት። አሁንም ሳየው ሆዴ ይላወሳል።